ሃምሳ አንድ መስመር

ሩፋይዳ ይማም ፈረስ ትፈራለች። ጨለማ አትፈራም፣ ውሻ አትፈራም፣ የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ እንኳ ፊት ለፊት ትሞግተዋለች፤ ፈረስ ካየች ግን መንገድ ተሻግራ ነው የምታልፈው። አላህ ሲያመጣው ነው እንጂ፣ ፈረሰኛ ልትወድ ቀርቶ ፈረስ ባለበት ግቢ ደጃፍ የምትቆም ሰው አልነበረችም።

ነገሩ የጀመረው በ2011 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር ነው። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ትሠራለች። አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ የሠራተኛ ሰርቪስ ስትጠብቅ መንገድ ዳር አቧራ ላይ የወደቀ ስልክ አየች። ስክሪኑ በርቷል። ትንሽ የፈረስ ሥዕል ይታያል፤ ከሥሩ ሰዓት ይቆጥራል። ባለቤቱ መደወሉ አይቀርም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሰርቪሱ መጣና ተሳፈረች።

ስልኩ የጮኸው ሰፈሯ ቀዳማይ ወያነ ደርሳ ስትወርድ ነው።

«ስልኬን ያገኙት እርስዎ ነዎት?» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«አላህ ይስጥልኝ። ክንዴ ላይ አስሬው ነበር፤ ስጋልብ ተፈቶ ወደቀ።» ትንሽ አመነታ። «ላስቸግርዎ? ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት አለች። እሷን ይጫኑልኝ፤ አለዚያ ፈረሴ እስካሁን እየሮጠች ነው።»

በማግስቱ ፓርኩ በር ላይ ሊወስድ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ጫማው አቧራ የጠገበ፣ ሳቁ ከፊቱ የሚቀድም ወጣት ነው። ስልኩን ከፍቶ አየና ሳቁ አመለጠው።

«ምን ያስቅሃል?» አለች፣ አንቱታውን ረስታ።

«ትላንት ፈረሴ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ሮጣለች። መሃል መሃል ላይ እየቆመችም ሰው አውርዳለች።»

ሩፋይዳ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ የወደደ ሁሉ ያውቀዋል።

ስሙ ኑርሁሴን ነው። ቤተሰቦቹ እንደ እሷ ቤተሰቦች ከወሎ መጥተው መቐለ የከተሙ ናቸው። አባቱ ባለጋሪ ነበሩ። እሱ ደግሞ ቁሓ ጫፍ ላይ በሚገኘው የአቶ ሃይላይ የፈረስ ግቢ፣ መጋለብ መማር ለሚፈልግ ሰው ሥልጠና ይሰጣል። የሚጋልባት ባዝራ፣ ዳሚቱ፣ የአባቱን ጋሪ ስትጎትት ኖራ ጡረታ የወጣች ናት።

«ጋሪ ያስለመዳት ነገር አይለቃትም» ብሎ አንድ እሑድ አጫወታት። «አባቴ ተሳፋሪ ሊያወርድ ሲል ዛቡን፣ የልጓሙን ገመድ፣ ከእጁ ይለቀው ነበር። ዛቡ ከላላ፣ ለእሷ ‹ቁሚ› ማለት ነው። በግልቢያ ላይ ብትሆን እንኳ ቀጥ!»

እሑድ እሑድ እሱ ከአጥሩ ወዲያ ከዳሚቱ ጋር፣ እሷ ከአጥሩ ወዲህ ቆመው ያወራሉ። ኑርሁሴን አንዳንዴ ወሬውን መሃል ላይ ይተውና ዐይኖቹን ፊቷ ላይ ተክሎ ዝም ይላል። ቃል የለም፣ ሳቅ የለም፤ ማየት ብቻ። አንዲት ሴት እንደዚያ ስትታይ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? ሩፋይዳ አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ ትላለች። በሳምንቱ ውስጥ ከሁሉም አብልጣ የምትናፍቀው ያንን ዝምታ ነበር።

አባቷ አቶ ይማም፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ጉዳዩን ሲሰሙ አልተቆጡም።

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «ግን ዛሬ አለ ነገ የለም በሚባል ሥራ ቤት አይቆምም። ቋሚ ሥራ ይያዝና ሽማግሌውን ይላክ።»

ሚያዝያ ላይ ዕድሉ መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የፈረስ ክለብ ረዳት አሠልጣኝ ይፈልጋል። ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛው፣ አመልካቹ በስልኩ አፕ የመዘገበውን የሦስት ወር የሥልጠና ዳታ እስከ ዓርብ እንዲልክ ነው። ሁለተኛው፣ ቅዳሜ የክለቡ አሠልጣኝ ቁሓ ድረስ መጥቶ ሲጋልብ እንዲያየው።

«በዳሚቱማ አትፈተንም» አሉ አቶ ሃይላይ። «በመብረቅ ነው እንጂ!» መብረቅ በቅርብ የገዙት ድንጉላ ነው፤ በእሽቅድምድም ያደገ። «ለእሱ ዛቡን ላላ ማድረግ በቃ፤ ይበራል። ኣጆኻ ወደይ! አይዞህ ልጄ፣ ታልፋለህ!»

ኑርሁሴን ስልኩን ለሩፋይዳ ሰጣት። «ሩፊ፣ ይሄን ዳታ አንቺ አውጪልኝ። እኔና እሱ አልተግባባንም።»

ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ ጓደኞቿ ምሳ ሲሄዱ እሷ ቢሮ ቀረች። አፑን ከፈተች። ኤክስፖርት የሚለውን ስትነካ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ብሎ ጠየቃት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢትን በጣቷ ቆጥራ አስገባች። በሠንጠረዥ ይሁን አለች፤ ወደ ኢሜይሏ ላከችው፤ በቢሮው ኮምፒውተር ከፈተችው።

ስልኩ ላይ የሚታየው አንድ መስመር ያለበት ካርታና አማካይ ፍጥነት ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አሥራ ሦስት ሺህ መስመር ተዘረገፈ፤ በየአሥር ሰኮንዱ አንድ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ፍጥነት። ሩፋይዳ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ እንጀራዋ ነው። ማንም ሳያዛት ዐይኗ ጉድለት መፈለግ ጀመረ።

አገኘችም። ግልቢያ፣ ግልቢያ፣ ግልቢያ፤ ከዚያ በድንገት ዜሮ። ሠላሳ ሰኮንድ ያህል ዜሮ፤ ከዚያ እንደገና ግልቢያ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ፈረሷ ልታርፍ ስትል እንደዚያ አይደለም፤ ያኔ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ወርዶ ለደቂቃዎች ይቆማል። እነዚህን ዜሮዎች፣ በፋብሪካ እንደለመደችው፣ ቀይ ቀባቻቸው። ሃምሳ አንድ መስመር ሆኑ። አሥራ አራት ጊዜ ቆማለች ማለት ነው።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። ዳሚቱ ናታ! የድሮ ተሳፋሪዎቿ ትዝ ብለዋት ይሆናል።

ግን ሥራዋ ያስተማራት አንድ ነገር አለ። ጉድለቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ማሽኑን ትመረምራለህ፤ ቦታውን ከቀያየረ ግን ማሽኑ ላይ የተቀመጠውን ሰው። ቦታዎቹን አየች። አሥራ አራቱም የተለያዩ ናቸው። ቀኖቹን አየች። ጥር ላይ ሁለት፤ የካቲት ላይ አራት፤ መጋቢት ላይ ስምንት።

በዚያው ስልክ የአቶ ሃይላይ ልጅ ዮሃናም ዳሚቱን አሥራ አንድ ጊዜ ጋልባለች። በስሟ የተመዘገበውን ለብቻ አወጣችው። አንድም ዜሮ የለም።

ያኔ ሩፋይዳ ማውሱን ለቀቀች። ዳሚቱ የምትቆመው ዛቡ ሲላላ ነው። ዛቡን የሚይዘው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ወሬውን መሃል ላይ ትቶ፣ ዐይኖቹን ተክሎ፣ ዝም የሚል ሰው። ያ የምትናፍቀው ዝምታ ስንት ሰኮንድ ይሆን ነበር? ሠላሳ? ሠላሳ አምስት?

ሐሙስ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ቁሓ ሄደች። ኑርሁሴን ዳሚቱን ጋጣው ደጃፍ አቁሞ በብሩሽ ያሻታል።

«ላክሽው?»

«አልላክሁም። ዳሚቱ ለምንድነው የምትቆመው?»

«የጋሪ ፈረስ ናታ! ነግሬሽ የለ?»

«ዛቡ ሲላላ ነው ያልከኝ። ማን ነው የሚያላላው?»

ብሩሹ ቆመ።

«አሥራ አራት ጊዜ ነው» አለች። «በየወሩ እጥፍ እየሆነ ነው የመጣው። ዮሃና ስትጋልባት አንድ ቀን እንኳ አልቆመችም።»

«ትሰልይኛለሽ እንዴ?»

«ኑርሁሴን፣ ፈርቻለሁ። ወላሂ በጣም ነው የፈራሁት።»

ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር። ቁጣው አልመጣለትም፤ የፈረሶቹ ውኃ መጠጫ ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ልጅ ሆኜ ነበረብኝ። ከዚያ ተወኝ። ባለፈው ክረምት ወድቄ ጭንቅላቴን ከተመታሁ ወዲህ ተመለሰ። አልወድቅም፣ አረፋ አልደፍቅም፤ ዝም ብዬ እሄዳለሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም። ስመለስ ፈረሷን ቆማ አገኛታለሁ።»

ሩፋይዳ መጠየቅ የማትፈልገውን ጠየቀች።

«አጥሩ ሥር እያወራን፣ ዝም ብለህ ስታየኝ… እሱ ነው?»

«እኔ እንዴት ልወቅ ሩፊ? ስመለስ ፈገግ ብለሽ አገኝሻለሁ። ምን ብዬ እንዳስደሰትሁሽ ግን አላስታውስም።»

ዳሚቱ ጭራዋን ወዘወዘች። ሩፋይዳ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ሰርዢያቸው» አላት ቀስ ብሎ። «ሃምሳ አንድ መስመር ናቸው፤ ከአሥራ ሦስት ሺህ ውስጥ ማን ያያቸዋል?»

«መብረቅ ላይ ስትወጣስ? እሱ ዛቡ ሲላላ አይቆምም እኮ!»

«አንድ ቀን ነው። ግማሽ ሰዓት አይሞላም።»

«ያ ግማሽ ሰዓት ላይ ቢመጣብህስ?»

«ይሄ ከተሰማ አባትሽ አይሰጡኝም። በዘር ይተላለፋል ይላሉ፤ ቤቴ የሚገባ ሰው አይኖርም። ፈረስ ላይም ማንም አያወጣኝም።» ቀና ብሎ አያት። «እለምንሻለሁ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባችለት። የምትወደው ሰው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ለምኗት ነበር፣ በቃ። ዓርብ ዕለት ሃምሳ አንዱን መስመር ሰረዘች፣ ሰዓቱን አስተካክላ ገጣጠመችው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንዲት ጉድለት ደብቃ አታውቅም። ፋይሉ አማረ፤ እንከን የለሽ ፈረሰኛ ሆነ። ላከችው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ሰዓቱን ይዞ መሃል ሜዳ ቆሟል። አቶ ሃይላይ ለበዓል እንደሚወጣ ሰው ለብሰዋል። መብረቅ ጥቁር ነው፤ ገና ሳይነካ መሬቱን ይቆፍራል። ኑርሁሴን ኮርቻው ላይ ወጣ፣ ዛቡን ሰብሰብ አደረገ፣ ወደ ሩፋይዳ ዞሮ ፈገግ አለ።

ዝም ልትል ነበር የመጣችው። ዱዓ እያደረገች፣ ግማሹ ሰዓት እስኪያልቅ ትንፋሿን ይዛ ልትቆም። ግን ያ ፈገግታ እግሯን አነሳው። ጎንበስ ብላ በአጥሩ ሥር ሾለከች፤ ፈረስ ስታይ መንገድ የምትሻገረው ሴት ቀጥ ብላ ወደ ድንጉላው ሄደችና ልጓሙን ከአፉ ሥር ጨበጠች። የፈረሱ ትንፋሽ ፊቷን አቃጠላት። እጇን ግን አልለቀቀችም።

«ውረድ» አለችው።

«ሩፊ፣ ሰው እያየ ነው። ልቀቂ።»

«አልለቅም። ውረድ፤ የላክሁት ውሸት ነው።»

«ምን ነካሽ? አንቺ እኮ…»

እዚያ ላይ ቆመ።

ዐይኖቹ ፊቷ ላይ ተተከሉ። የምታውቀው ዝምታ፣ የምታውቀው አስተያየት ነው። ውስጡ ግን ሰው አልነበረም። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ዛቡ በመብረቅ አንገት ላይ ተንሸራትቶ ወረደ።

መብረቅ የሚጠብቀው ይህንን ነበር። ተወረወረ። ሩፋይዳ ልጓሙ ላይ ተንጠለጠለች፤ ጫማዋ ወጣ፣ ሻሿ ወደቀ፣ ጉልበቷ ኮረቱን እየፋቀ ተጎተተች። ብለቅ ይሞታል፣ ብለቅ ይሞታል፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ክብደቷ የፈረሱን ራስ ወደ ጎን ቆለመመው፤ በቀጥታ መሮጥ ስላቃተው እየዞረ ይረግጥ ጀመር።

«ሓዝዮ ጓለይ! ያዢው ልጄ፣ አትልቀቂው!» እያሉ አቶ ሃይላይ ሮጡ። በሌላው ወገን ልጓሙን ያዙ። አሠልጣኙም ደርሶ የኑርሁሴንን ወገብ ደገፈ። ድንጉላው እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

ኑርሁሴን ዐይኑን አርገበገበ።

«…ቃል ገብተሽልኛል» አለ፤ የጀመረውን ሲጨርስ።

ከዚያ ዙሪያውን አየ። ከነበረበት ሃምሳ ርምጃ ርቋል። ሩፋይዳ በባዶ እግሯ ናት፤ መዳፏ ይደማል። አንድ የማያውቀው ሰው ወገቡን አቅፎታል። ማንም ምንም ሳይለው ገባው። ከፈረሱ ወርዶ፣ ማንንም ሳያይ፣ ጋጣው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ፋይሉን የነካካሁት እኔ ነኝ» አለች ሩፋይዳ ለአሠልጣኙ፣ እያለቀሰች። «እሱ ኮምፒውተር አያውቅም።»

ሰውየው፣ «ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» ብቻ አለ። አቶ ሃይላይ በግቢው የነበረውን ሁሉ ወሬ እንዳያወጣ አስማሉ።

ሰኞ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ፣ «በወር ስንት ጊዜ ይመጣብሃል? ስንት ሰኮንድ ይቆያል?» ብትለው ኑርሁሴን ራሱን ነቀነቀ፤ የሄደ ሰው ስንት ጊዜ እንደሄደ በምን ያውቃል? ሩፋይዳ ያልተነካውን ፋይል አትማ ይዛ ነበርና አቀበለቻት። ሐኪሟ ቀይ ቀዩን በጣቷ እየተከተለች ለረጅም ጊዜ አነበበች።

«የሚጥል በሽታ ሁሉ ሰው አይጥልም» አለች በመጨረሻ። «መድኃኒት አለው። በሰዓቱ መዋጥ ነው። ፈረስ ግን ለጊዜው በቃ።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ኑርሁሴን፣ «ፈረሴን ወሰድሽብኝ» አላትና ብቻውን ሄደ።

ሦስት ሳምንት አልደወለም። ሩፋይዳ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ተማረች። ስልኳ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ ሳይጮህ ሲቀር ይበልጥ ትደነግጣለች። አሁን የት ነው? መንገድ እያቋረጠ ቢሆንስ? እሳት አጠገብ ቢሆንስ? ማን አጠገቡ አለ?

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ፓርኩ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል።

«መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው። ቤት ያሉት፣ ‹እስካሁን አልመጣብህም› ይሉኛል» አላት። «አቶ ሃይላይ ከመሬት ሆኜ እንዳሠለጥን ቋሚ አድርገውኛል፤ ደብዳቤ ሰጥተውኛል።» ዝም አለ፤ ሩፋይዳ ትንፋሿን ያዘች፤ ግን ማሰቡ ብቻ ነበር። «ያን ፋይል እንደገና አትሚልኝ። ሃምሳ አንዱም ይግቡበት። ቀይ ይሁኑ።»

«ሐኪሟ ጋ አለ እኮ።»

«ለሐኪሟ አይደለም። ለአባትሽ ነው።»

እሑድ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ የኑርሁሴን አጎት አቶ አብዱልወዱድና አቶ ሃይላይ። ሩፋይዳ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች። በነቢዩ ላይ ሰለዋት ወርዶ፣ ነገሩ ተከፍቶ፣ የደብዳቤው ወሬ ካለቀ በኋላ አቶ ይማም ሁሉም የልጅ አባት የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«ዘሩን አውቃለሁ። የማላውቀው ነገር ካለ ግን አሁን ይነገረኝ።»

እዚህ ላይ ሽማግሌ የሚመልሰው አንድ ነው፤ እንከን የለውም ይላል። አቶ ሃይላይም ለኑርሁሴን፣ «ሽማግሌ የሚላከው ሊያሞግስ ነው፤ ይሄን ወረቀት ለምን ታሸክመኛለህ?» ብለው ተከራክረውት ነበር። ልጁ እምቢ አለ። አሁን ወረቀቱን ከኮታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ከመብረቅ ጀምረው ሁሉንም ተናገሩ።

አቶ ይማም መነጽራቸውን አድርገው ቀይ ቀዩን ተራ በተራ አዩ።

«ይሄን ያወጣው ማን ነው?»

«ልጅዎ ናት» አሉ አቶ አብዱልወዱድ።

«ሩፋይዳ! ነይ እስቲ።»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ወለሉን እያየች ቆመች።

«ይሄን እያወቅሽ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ።» ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው። «በጣም ነው የምፈራው። ግን አጠገቡ ሆኜ ብፈራ ይሻለኛል። ርቄ ስፈራ አልቻልኩትም።»

አቶ ይማም ወረቀቱን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ነው የሚውጠው?»

አቶ አብዱልወዱድ አቶ ሃይላይን አዩአቸው፤ አቶ ሃይላይም እሳቸውን።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት» አለች ሩፋይዳ። «ከምግብ ጋር።»

አባቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ።

«እዚህ ቤት ራት የሚበላው በሦስት ሰዓት ነው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በሁለት ሰዓት ይሁን።»

አቶ አብዱልወዱድ ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ።